ሃያ አምስት ዙር

በረዶ ነው እንጀራዬ፤ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
ማታ ውኃ በቆርቆሮ ከማቀዝቀዣው የማስገባ፣
ጎህ ሲቀድ በመጥረቢያ ፈልጬ የምቸረችር፣
ቆሮሶው ሳይሸት በፊት፣ ፀሐይ ሳትወጣ ከጣቦር።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ነጭ ድንጋይ ሳውቀው፣
እጅ የሚበላ፣ ጨው የሚፈራ፣ የሚያለቅስ ሰው ሲነካው፣
ሰው ይሮጥበታል ብዬ ለአፍታም አስቤ አላውቅ፤
ላታሞ መጥቶ ባይነግረኝ፣ የሾርባ ሻጯ ልጅ፣ ሳቅ በሳቅ።

አራት ጎማ በአንድ መስመር ከጫማው ሥር ደርድሮ፣
አንዱ ከሻንጣ የተነቀለ፣ በሽቦ ታስሮ፣
ከአሞራ ገደል እስከ ጉዱማሌ አስፋልቱን የሚቀድ፣
ባጃጆቹ የሚሰድቡት፣ «አንተ! ውጣ ከመንገድ!»

«ጋሼ፣ ዛሬ ማታ አሥር ሺህ ሜትር አለ» አለኝ።
እኔ አሥር ሺህ ሲባል ቀጭን ቅልጥም ነው የሚታየኝ፤
«የበረዶ ነው።» ሳቅሁ። «በረዶ ደግሞ ይሮጣል?»
«ያንተ ይቀልጣል፤ የእነሱ ግን ሰው ያስሮጣል።»

ሾርባ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ሥር፣ ስድስት ሆነን ተቀመጥን፤
ሁለት ሰው ብቻ በሜዳው፤ «ሌሎቹስ የታሉ?» አልን።
ቀይ ጨርቅ አንዱ በክንዱ፣ ነጭ ጨርቅ አንዱ በክንዱ፣
ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ነው ለካ የሚሄዱ።
ባላጋራው ጎኑ ያለው አይደለም፣ ሰዓት ነው፤
አንዷን ሰከንድ መቶ ቦታ እንደ ጎመን የሚከትፈው።

ሆላንዱ ግን፣ ሆላንዱ! ጎንበስ ብሎ እንደ አጫጅ፣
ሁለት እጁን ኋላ አጣምሮ፣ እንደ ሽማግሌ፣ እንደ አማላጅ።
«አባ ኮዳ!» አለች እናቱ። እውነትም አባ ኮዳ፣
ከገበያው ደጅ አንጀት የሚጠብቅ፣ በጨዋ ደንብ የተሰናዳ።
ያ ወፍ ግን ቆሞ ነው፤ ይሄኛው ይበርራል፣
ግራው ሲገፋ ቀኙ ስለት ላይ ያድራል፤
«ሃያ አምስት ዙር፣ ልክ እንደኛው፣ ወደ ግራ፣ ልክ እንደኛው»
ይላል ላታሞ፣ ጉልበቱን ከወንበሩ ላይ ሲያጥፈው።

አሥራ ሰባተኛው ዙር ላይ
መብራት ሄደ።
ሰፈሩ ሁሉ «ኧረ!» አለ፤ ከዚያ ጸጥታ ወረደ።

ልዋሽ እንዴ? ቀድሞ ትዝ ያለኝ የእኔው በረዶ ነበር፣
ዘጠኝ ቆርቆሮ በጨለማ ጠብ… ጠብ… ማለት ሲጀምር።
አሥራ ሰባት ቁጥር ጨብጦ ላታሞ ብቻ ተቀመጠ፤
ከዚያ፣ ስምንት ዙር ዕዳ እንዳለበት ሰው፣ ደህና እደሩ ሳይል አመለጠ።

መብራት አልመጣም። በአሥራ አንድ፣ ጭጋጉ ከሐይቁ ሳይገፈፍ፣
መጥረቢያ ይዤ ስወጣ ድምፅ ሰማሁ ከአስፋልቱ ጫፍ፤
ኽሽሽ… ኽሽሽ… እንደ ወንፊት፣ እንደ ጤፍ በሰፌድ።
ላታሞ! እጁ ኋላው፣ አደባባዩን ሲዞር ብቻውን፣ እንደ ዕብድ።
ባጃጅ የለ፤ አባ ኮዳዎች ብቻ በመብራት እንጨት አናት፣
እንደ ዳኞች፣ ሰዓት ሳይዙ፣ አንገት ቀብረው ሲያዩት።

«ስንተኛ ነው?» ብዬ ጮህኩ። «ሃያ ሦስት!» አለኝ ሳይቆም።
ሽቦው ላልቶ ያቺ የሻንጣ ጎማ ታቃስታለች፣ ግን አትወልቅም።
ሃያ አራት ሲል መጥረቢያዬን ከቆርቆሮው ክዳን ጋር
አጋጨሁት፦ ኳ! ኳ! ኳ! የመጨረሻ ዙር ያለ ደወል ምን ሊያምር!

ውሾች ጮኹ። አንዲት ሴት መስኮት ከፍታ ረገመችኝ።
እሱ ግን መጣ፤ ነፋሱ ቀድሞ ነካኝ።
መስመር በሌለበት መስመር እግሩን ወርውሮ ገባ፣
በዓሣ ውኃ ተንሸራቶ፣ ከሳጥኖቼ ሥር፣ እያነባ፤
እያነባ ይሁን እየሳቀ እስካሁን አልለየሁም።
ክርኑ ደምቷል። ከቀረችኝ ቁራጭ በረዶ አልሰሰትኩም፣
በጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩለት። ጣቱን አሻሸባት፤
«ጋሽ ዳንጊሶ፣» አለኝ፣ «ይቺ ነች አይደል የሚሮጡባት?»

መብራት ከሰዓት መጣ። ዜናው ኳስ ብቻ ነበረ።
ሆላንዱ ረታ ወይስ ተረታ፣ ከእኛ ተሰወረ።
ከዘጠኙ ሰባቱ ውኃ ሆኖ ሄደ ወደ ሐይቁ፣ ወደ ቤቱ፤
ሁለቱን በግማሽ ዋጋ ሸጥኩ። ኪሳራ ነው፣ እውነቱ።
እሱስ ይሁን። የላታሞን ሰዓት አለመያዜ ነው የሚቆጨኝ፤
እንቅልፍ እንቢ ባለ ሌሊት፣ መቶኛዋን ስገምት ያነጋኝ።